ጾምና የአረጋውያን ጉልበት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

መግቢያ

ዐቢይ ጾም በመጣ ቁጥር ስለ ጾም ትርጉም፣ ስለ ጸሎትና ስለ ምጽዋት ብዙ ይጻፋል፣ ብዙም ይሰበካል። በዚህች አጭር ጽሑፍ ግን ብዙም ስለማይነገርለት አንድ ጉዳይ እንማማራለን። ይኸውም በየቤታችን ያሉ አረጋውያን አባቶችና እናቶች በጾም ወቅት ምን እንደሚበሉ፣ ምን ያህል እንደሚበሉና ጉልበታቸው እንዴት እንደሚጠበቅ ነው። «ይህማ የሐኪም ጉዳይ እንጂ የዲያቆን አይደለም» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔም እንደዚያው አስብ ነበር፤ በገዛ ቤቴ የሆነውን እስካይ ድረስ።

አያቴን «እምዬ» ነው የምንላቸው። ያን ጊዜ 78 ዓመታቸው ነበር። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንዳች አይቀምሱም። ከዚያ በኋላም ልጆቹ በልተው እስኪነሡ ይጠብቁና ብቻቸውን መሶቡ ዳር ቁጭ ብለው ሁለት ሦስት ጉርሻ በቀጭን ሽሮ ይጎርሳሉ። «በቃኝ፣ ለአሮጊት ሆድ ይኸም ብዙ ነው» ይላሉ። አንድ ቀን የጣታቸው ቀለበት ሳያውቁት ወልቆ ሊጥ ውስጥ ተገኘ። ሁላችንም ሳቅን። እኔማ ከሁሉም ብሼ «እምዬ፣ ጾሙ እኮ መልአክ አስመሰለዎት» አልኳቸው። እሳቸውም ደስ አላቸው።

በመፃጉዕ ሳምንት ከቅዳሴ ሲመለሱ የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ በመውረድ ላይ ሳሉ ወደቁ። የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። ሐኪሙ ስብራቱን ካየ በኋላ ሚዛን ላይ አወጣቸው። 41 ኪሎ ነበሩ። በካርዳቸው ላይ ያለው የዓምናው ክብደት 47 ኪሎ ነው። ሐኪሙ ወደ እኛ ዞሮ ሁለት ነገር ጠየቀ። «ስድስት ኪሎ ሲቀንሱ ማን አየ? ማንስ ነው አብሯቸው የሚበላው?» መልስ የሰጠ የለም። እኔም ያቺ «መልአክ» ያልኩባት ቃል እንደ እሾህ ወጋችኝ። የሰውነት ማለቅን እንደ ቅድስና ምልክት ቆጥሬ አመሰገንኩ እንጂ አላስተዋልኩም ነበርና። ይህን ትምህርት ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

1. የአቅም መሳሳት ማለት ምን ማለት ነው?

እርጅና በሽታ አይደለም። ረጅም ዕድሜ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። በአገራችን ሰው በአማካይ የሚኖርበት ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ1990 ከ50 ዓመት በታች ነበር፤ ዛሬ ከ65 በላይ ደርሷል። ስለዚህ ከወላጆቻችን ይልቅ እኛ ብዙ አረጋውያንን በቤታችን የምናኖር ትውልድ ሆነናል ማለት ነው። የተባበሩት መንግሥታትም እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2030 ያለውን ጊዜ የጤናማ እርጅና ዐሥርት ዓመታት ብሎ ሰይሞታል። የዓለም ጤና ድርጅት ጤናማ እርጅና የሚለው ምንም በሽታ የሌለበትን ሰው አይደለም። ሰው የሚወደውንና የሚገባውን ሥራ ለመሥራት የሚያስችለው አቅም ሳይለየው ሲያረጅ ነው። ለእኛ እናቶች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው፤ በእግራቸው ቤተ ክርስቲያን መሄድ፣ ቆመው ማስቀደስ፣ ቡናቸውን አፍልተው ጎረቤት መጥራት ነው።

ታዲያ አንዳንዱ በ85 ዓመቱ ደብር ለደብር ሲዞር ሌላው በ70 ዓመቱ ከአልጋ የማይነሣው ለምንድን ነው? ሐኪሞች ለዚህ «ፍሬይልቲ» የሚል ስም አላቸው። እኛ «የአቅም መሳሳት» ብንለው ያስኬዳል። ብዙ የታጠበ ነጠላ ሲታይ ደህና ይመስላል፤ ነገር ግን ስለ ሳሳ ትንሽ ሲሳብ ይቀደዳል። አቅሙ የሳሳ ሰውም እንዲሁ ነው። ለጎረምሳ የሦስት ቀን ጉንፋን የሆነችው እሱን ለወር ትጥለዋለች፤ ትንሽ መንሸራተት አጥንት ትሰብርበታለች።

እ.ኤ.አ. በ2001 ዶ/ር ሊንዳ ፍሪድ የተባሉ አሜሪካዊት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 5,317 ሰዎችን አጥንተው አምስት ምልክቶችን ለይተው አስቀምጠዋል። እነርሱም፦

- ሳይፈልጉ ክብደት መቀነስ፣ ማለትም በአንድ ዓመት ውስጥ 4.5 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ፤
- ዘወትር የድካም ስሜት፤
- የእጅ መጨበጥ ኃይል መዳከም፤
- የእርምጃ መዘግየት፤
- እንቅስቃሴ መቀነስ ናቸው።

ከአምስቱ ሦስቱና ከዚያ በላይ ያለበት ሰው አቅሙ እንደሳሳ ይቆጠራል። አንድ ወይም ሁለት ያለበት ደግሞ በመንገድ ላይ ነው። በጥናቱ እንደታየው አቅማቸው የሳሳው አረጋውያን በቀጣዮቹ ዓመታት የመውደቅ፣ ሆስፒታል የመግባትና የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ የበዛ ነበር። እምዬን በልቤ አምስቱ ላይ ብመዝናቸው ቢያንስ አራቱ ነበሩባቸው። እኛ ግን ሁሉንም በአንድ ቃል «እርጅና ነው» ብለን አልፈነው ነበር።

2. ጡንቻ ለምን ያልቃል?

የሰው ጡንቻ ከጎልማሳነት ጀምሮ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ይህን መቀነስ እ.ኤ.አ. በ1989 ኧርዊን ሮዘንበርግ የተባሉ ሊቅ «ሳርኮፔኒያ» ብለውታል። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን የሥጋ ማነስ ማለት ነው። የሚያፋጥኑት ሁለት ነገሮች ዋነኞቹ ናቸው፤ አንደኛው አለመንቀሳቀስ፣ ሁለተኛው ገንቢ ምግብ ማነስ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ነገር አለ። «ሽማግሌ ሥራ የለውም፣ ትንሽ ምግብ ይበቃዋል» እንላለን። አዎ፣ ለኃይል የሚያስፈልገው ምግብ በመጠኑ ይቀንስ ይሆናል። ፕሮቲን የሚባለው ገንቢ ምግብ ግን ለአረጋዊ ይጨመርለታል እንጂ አይቀነስበትም። ያረጀ ጡንቻ ከሚበላው ምግብ የሚጠቀመው ከወጣቱ ያነሰ ነውና። ለአዋቂ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 0.8 ግራም ፕሮቲን ይበቃል ሲባል የኖረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ጉዳዩን የመረመሩ ባለሙያዎች ለአረጋውያን ከ1 እስከ 1.2 ግራም እንዲሆን መክረዋል። 50 ኪሎ የሚመዝኑ እናት እንግዲህ በቀን ከ50 እስከ 60 ግራም ያስፈልጋቸዋል ማለት ነው። (ከባድ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ይወስን።)

ምግብ ብቻውንስ ይበቃል? አይበቃም። በቦስተን ከተማ ዶ/ር ማሪያ ፊያታሮንና ባልደረቦቻቸው በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 87 ዓመት የሆነ 100 ደካማ አረጋውያንን ለ10 ሳምንታት ተከታትለው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1994 አሳትመዋል። ከፊሎቹ እግራቸውን በክብደት አለማመዱ፣ ከፊሎቹ ተጨማሪ ገንቢ መጠጥ ተሰጣቸው፣ ከፊሎቹ ሁለቱንም፣ የቀሩት አንዱንም አላገኙም። የተለማመዱት አረጋውያን የጡንቻ ኃይል ከእጥፍ በላይ ጨመረ፤ እርምጃቸውም ፈጠነ። መጠጡን ብቻ ያገኙት ግን ድካማቸው አልተለወጠም። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። በ87 ዓመትም ጉልበት ይመለሳል፤ የሚመለሰው ግን ሲንቀሳቀሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሌላ ጥናትም ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 89 የሆነ 1,635 ሰዎችን ተከታትሎ፣ በእግር መሄድንና ቀላል ልምምድን ዘወትር ያደረጉት መራመድ እስኪያቅታቸው የመድረሳቸው ነገር እንደቀነሰ አሳይቷል።

ስለዚህ «እማማ፣ አይነሡ፣ እኛ እናመጣለን» የምንለው ነገር ከፍቅር ቢሆንም ሁልጊዜ ጥቅም አይደለም። ወንበር ላይ ተቀምጦ በእጅ ሳይደገፉ መነሣትና መቀመጥ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ዐሥር ዐሥር ጊዜ ቢደረግ፣ ትልቅ መድኃኒት ነው። መጀመሪያ ላይ አጠገባቸው ቁሙ። ሐኪም የከለከላቸው ነገር ካለም እሱን ጠብቁ።

3. የጾም ማዕድና አረጋዊ

«ታዲያ ጾም ገንቢ ምግብ ይከለክላል ማለት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። አይደለም። የአባቶቻችን የጾም ማዕድ በጥራጥሬ የበለጸገ ነው። 100 ግራም ደረቅ ምስር ወደ 24 ግራም ፕሮቲን ይይዛል፤ ሽምብራ፣ ባቄላና አተርም ብዙ አይርቁም። አኩሪ አተር ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት በበኩሉ ወደ 13 ግራም ይሰጣል። ጥራጥሬና እህል አብረው ሲበሉ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። ሽሮ በእንጀራ፣ ምስር በእንጀራ መብላታችን እንዲያው ልማድ ብቻ አይደለም።

ችግሩ ያለው በአበላሉ ላይ ነው። ጥርሳቸው ያለቀ እናት ቆሎውንና ንፍሮውን ይተዋሉ። የሚቀርላቸው የቀጠነ ሽሮ ነው። ለእሳቸው ድርሻ የገባው ዱቄት ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ ወደ 20 ግራም ቢሆን፣ በውስጡ ያለው ፕሮቲን 4 ግራም ገደማ ነው። ከሚያስፈልገው 50 ግራም ጋር አስተያዩት! ያም በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ነጠላው ከትከሻ ቢወርድ ምን ይገርማል?

ስለዚህ የሚከተለውን እናድርግ፦

- ሽሮውን እናወፍረው። ምስሩንና ክኩን በደንብ አብስለን እንፍጨው። ንፍሮውንም ለጥርስ አልባው ማድቀቅ ይቻላል።
- ተልባ፣ ሰሊጥ፣ ሱፍና ለውዝ ለትንሽ ሆድ ብዙ ኃይል ይሰጣሉ። በሱፍ የተፈተፈተ እንጀራ፣ በተልባ የላላ በሶ፣ የአጃ ገንፎ በዘይት ለአረጋዊ ተስማሚ ናቸው።
- ጎመን ላይ ሎሚ ማድረግ፣ ቲማቲም መጨመር በአትክልትና በጥራጥሬ ያለው የብረት ማዕድን ወደ ደም በደንብ እንዲገባ ይረዳል። ቡናና ሻይ ግን ወዲያው ከምግብ ጋር ሲጠጡ ይህንኑ ስለሚያግዱ ጥቂት ቆይተው ቢጠጡ ይሻላል።
- ውኃ! አረጋዊ የጥማት ስሜቱ ይቀንሳል። «አልጠማኝም» ማለት ውኃ አያስፈልገኝም ማለት አይደለም። በሚበሉበት ሰዓት ሁሉ አጠገባቸው ይቀመጥ።

አንድ ልብ ልንለው የሚገባ ነገርም አለ። ቫይታሚን ቢ12 የሚባለው በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላል፣ ከወተትና ከመሳሰሉት ነው፤ በጥራጥሬና በአትክልት የለም። ሰውነት ለረጅም ጊዜ የሚበቃ ስንቅ በጉበት ውስጥ ስለሚያስቀምጥ፣ በፍስክ ወራት በሚገባ ለሚመገብ ጤነኛ ሰው 55 ቀን መጾም ብቻውን አያጎድለውም። ነገር ግን ሰው ሲያረጅ የጨጓራው አሲድ እየቀነሰ ቫይታሚኑን ከምግብ ማውጣት ያቅተዋል። ለስኳር ሕመም የሚሰጠው ሜትፎርሚንም ይቀንሰዋል። አንዳንድ አረጋውያን ደግሞ በኑሮ ውድነት ወይም «ለልጆቹ ይሁን» ብለው በፋሲካ እንኳን ወተትና እንቁላል አይቀምሱም። ያን ጊዜ እግር ይደነዝዛል፣ መርፌ መርፌ ይላል፣ ሚዛን ይጠፋል፣ የደም ማነስና የመርሳት ችግር ይመጣል። ይህንንም «እርጅና ነው» እንላለን፤ በደም ምርመራ ሊታወቅ፣ በመርፌ ወይም በክኒን ሊታከም የሚችል ሆኖ ሳለ! በጊዜ ካልታከመ ግን የነርቭ ጉዳቱ ላይመለስ ይችላል።

መድኃኒት የሚወስዱትንም እንዳንረሳ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ መድኃኒቱን ወስዶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ ቢቆይ ስኳሩ ከመጠን በታች ወርዶ ያልበዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ራሱን እስከ መሳት ሊደርስ ይችላል። ለደም ግፊት ሽንት የሚያስወጣ ክኒን የሚወስድም ውኃ ሳይጠጣ ሲውል፣ ብድግ ሲል አዙሮት ሊወድቅ ይችላል። እነዚህ ሰዎች ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪማቸውን ማማከር አለባቸው። መድኃኒትን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው።

4. ቤተ ክርስቲያን ምን ታስተምራለች?

ጾም የተሠራው ፈቃደ ሥጋን ለመግታት ነው፤ ሥጋን ለማጥፋት አይደለም። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ስለ ጾም ሲደነግግ ሕሙማንን ከጤነኞች ለይቶ ይመለከታል። የደከመን ሰው ሸክም ማቅለል የንስሐ አባት ሥልጣን ነው። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፣ ከአበው የመጣ ሥርዓት ነው።

ነቢዩ ኤልያስን እናስታውስ። በምድረ በዳ ደክሞት ከዛፍ ሥር በተኛ ጊዜ መልአኩ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ ያውም ሁለት ጊዜ። የሚጠብቀው መንገድ ረጅም ነበርና። በዚያ ምግብ ኃይል አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ሄደ (1ኛ ነገ. ምዕ. 19)። ልብ በሉ፤ መልአኩ የደከመውን ነቢይ «ታገሥ» አላለውም፣ አበላው እንጂ። ቅዱስ ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱና ስለ ድካሙ ከውኃ ብቻ እንዳይወሰን መክሮታል (1ኛ ጢሞ. ምዕ. 5)። ሐዋርያው የልጁን ሆድ ካሰበ እኛ የእናታችንን ሆድ እንዴት አናስብም?

ይህን ስንል ግን «አረጋውያን አይጹሙ» ማለታችን አይደለም። ዕድሜ ልካቸውን የያዙትን ጾም እኛ ልጆቻቸው ከእጃቸው ልንነጥቅ ሥልጣን የለንም። በሌላም በኩል «ይሄ ሐኪም ምን ያውቃል» ብለን ማዳከም አይገባም። አረጋዊው፣ ሐኪሙና የንስሐ አባቱ አንድ ላይ ይወስኑ። አንዱ ሰዓቱ ይቀነስለታል፣ ሌላው ምግቡ ይለወጥለታል፣ ጤነኛው ደግሞ እንደ ወትሮው ይጾማል።

እምዬ የተባለውን ሲሰሙ አልቅሰው ነበር። «ሰባ ዓመት የያዝኩትን ጾም በስተርጅናዬ ልሽር?» አሉ። የንስሐ አባታቸውም አልጋቸው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው፦ «ወለተ ማርያም፣ ጾሙን መች ሻርኩብሽ? ሰዓቱን ነው የቀየርኩልሽ። ከሥጋና ከቅቤው እንደ ተከለከልሽ ነሽ። ጠዋት ግን ገንፎሽን ትበያለሽ። የጎደለ ከመሰለሽ ከሐሜት መጾሙን ጨምሪበት» አሏቸው። እምዬ እንባቸውን ሳይጠርጉ ሳቁ።

5. ቤተሰብ ምን ያድርግ?

ሀ. አብረን እንብላ። ብቻውን የሚበላ አረጋዊ ትንሽ ይበላል። ጉርሻ ያለው ባህል ይዘን እናታችን ብቻቸውን ሊበሉ አይገባም።

ለ. እንመዝን። ጾሙ ሲገባና ሲፈታ በጤና ጣቢያም ሆነ በሌላ ሚዛን ክብደታቸው ይታይ፣ ይጻፍ። ቀለበት ሲወልቅ፣ መቀነት ሲዞር፣ ነጠላ ሲረዝም እንይ። በሦስት ወር ከ3 ኪሎ በላይ ከቀነሱ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ሐ. ጉልበታቸውን እንፈትን። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ከወንበር አምስት ጊዜ ይነሡ፣ ይቀመጡ። ይህን በ14 ሰከንድ ውስጥ መጨረስ ካልቻሉ የዓለም ጤና ድርጅት ተጨማሪ ምርመራ እንዲደረግ ይመክራል።

መ. ጥርሳቸውን፣ ዐይናቸውን፣ ሐዘናቸውን እንጠይቅ። የምግብ ፍላጎት የሚጠፋው በጥርስ ሕመም ወይም ልብን በሚያደክም ትካዜ ሊሆን ይችላል።

ሠ. የሌላውንም እናት እናስብ። በቤተ ክርስቲያናችን በር የተቀመጡት አረጋውያን ጾሙን የሚጾሙት ወደው ብቻ አይደለም፣ አጥተውም ነው። ከጾማችን የተረፈውን ምሳ ወፍራም ሽሮ አድርገን ብናደርስላቸው ጾማችን ምጽዋት አገኘ ማለት ነው።

ማጠቃለያ

እምዬ ዛሬም አሉ። እጃቸው ድኗል፤ ክብደታቸው 45 ኪሎ ደርሷል። ምርኩዝ ይዘው ነው የሚያስቀድሱት፤ ደረጃውን ሲወርዱ አንዳችን አጠገባቸው አለን። ቀለበቱ ግን አሁንም ክር ካልተጠመጠመበት ጣታቸው ላይ አይቆምም። ያለቀ ጉልበት ሁሉ አይመለስም። ሳያልቅ ማየት የሚሻለው ለዚህ ነው። እናትና አባትን ማክበር የሚለው ትእዛዝ በቃል ብቻ የሚፈጸም አይደለም፤ ከማዕዱ ዳር አብሮ በመቀመጥም ጭምር ነው። ዛሬ ማታ ጾማችሁን ስትፈቱ ቀና በሉና ተመልከቱ፤ ከመሶቡ ዙሪያ የጎደለው ማን ነው?

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የአቅም መሳሳት አምስቱ ምልክቶች ምን ምን ናቸው? በቤታችሁ ባሉት አረጋውያን ላይ የትኛውን አይታችኋል?
2. አረጋዊ ሰው ገንቢ ምግብ የሚጨመርለት ለምንድን ነው? በጾም ማዕድስ ከምን ያገኘዋል?
3. የታመመ አረጋዊ ስለ ጾሙ ሲወስን እነማንን ማማከር ይገባዋል?

ጾሙን የበረከት፣ አረጋውያኖቻችንን የዕድሜና የጤና ባለጸጎች ያድርግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።